ስኖው (በረዶ) ሳይወርድ፦ ይሄን ተንኮለኛ ቡችላ ይዘን እንዴት እንክረም?

የቡላ ቤት — ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ናችሁ? እኛ ቤት ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችን፣ እናቴና ቡላ አለን። ቡላ ውሻችን ነው። ላብራዶር ከሌላ ዘር የተዳቀለ፣ ስምንት ወር የሞላው። በግንቦት ከውሻ መጠለያ ስናመጣው ልጄ በአንድ እጇ ታቅፈው ነበር። አሁን በኋላ እግሩ ሲቆም የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሁሉ ያያል።

በጋውን ደህና አሳለፍን። ማታ ማታ ሐይቁን ዞረን እንመለሳለን፣ ውሃውን ይጠጣል፣ ይተኛል። አሁን ግን ቀኑ አጠረ፣ ሰዓትም ሊቀየር ነው። ከሥራ ስንገባ ጨልሟል። ጓሮው ጭቃ ነው። ልጆቹ መውጣት አይፈልጉም። የቡላ ጉልበት ግን አልቀነሰም፤ በጋውን ሙሉ ደጅ ሲጨርሰው የነበረውን ቤት ይዞት ገባ።

ባለፈው እሁድ ቡና አፍልተን ተቀምጠናል። ሁለተኛው እየተቀዳ ሳለ ቡላ ፈንዲሻው ሸቶት መጣ። "ሂድ!" ስንለው ደስ ብሎት ዞረ፤ ጅራቱ ረከቦቱ ላይ የተደረደሩትን ሲኒዎች ጠርጎ ወለሉ ላይ አወረዳቸው። ሁላችንም ብድግ ስንል ጨዋታ መሰለው። ፈንዲሻውን አፉ ሙሉ ዘግኖ ጠረጴዛ ሥር ሾለከ።

መሶቡስ! እናቴ ከአገር ቤት ተሸክማ ያመጣችው ነው። የክዳኑን ጠርዝ በፊት ጥርሱ ይዞ አለላውን አንድ በአንድ ሲፈታው ደረስንበት። ውስጡ ያለው ስንደዶ ወጥቶ ይታያል። ቀጥሎ ደግሞ ለቅዳሴ ታጥቦ ወንበር ላይ የነበረውን ነጠላ ጎትቶ ጥለቱን አኘከው።

እናቴ ያደገችው ደብረ ታቦር ነው። እሷ የምታውቀው ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ደጅ ያድራል። "ውሻ ያኘከውን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ ደጅ ይደር" አለች። እዚህ የጥር ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ደጅ ማሳደር የሚታሰብ አይደለም። ወደ መጠለያው መመለስም አንፈልግም። ልጆቹ ይወዱታል፣ እኔም እወደዋለሁ።

ክረምቱን ከወጣት ውሻ ጋር ያሳለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ይህን ጉልበት በጨለማ ምን ላይ ታወጡታላችሁ? መንገድ ላይ የሚበተነው ጨውስ? እናቴ በገዛ ቤቷ ሳትሳቀቅ፣ ቡላም ሳይገፋ እንዴት እንክረም?

የበረዶ አገር — ኤድመንተን

አይዞሽ እህቴ። ስምንት ወር ከባዱ ዕድሜ ነው። በፈረንጆቹ 2020 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች "ባዮሎጂ ሌተርስ" በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ነበር። ውሾቹን በአምስት ወራቸውና በስምንት ወራቸው "ቁጭ በል" እያሉ ፈተኗቸው። በስምንት ወራቸው አሳዳጊያቸውን አልሰማ አሉ። እንግዳ ሰው ሲያዛቸው ግን ይታዘዛሉ! ስለዚህ ቡላ አንቺን ንቆሽ አይደለም። ዕድሜው ነው፣ ያልፋል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠዋት ማን ነው የሚያወጣው? ማታስ? በጋ ላይ ሁሉም በደስታ ይወጣል። ብርዱ ሲመጣ እያንዳንዱ "ሌላው ያወጣዋል" ብሎ ሶፋው ላይ ይቀራል፤ ውሻውም ራሱ ሥራ ይፈልጋል። የሚያገኘው ሥራ ደግሞ መሶብ ነው። ወረቀት ላይ በስም ጻፉና ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። ልጆቹም ይግቡበት። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ምግብ መስፈርና መዳፍ መጥረግ ይችላል።

ሰሜን — ስቶክሆልም

ሰላም ከስዊድን። እዚህ በታኅሣሥ የቀን ብርሃን ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በፈረንጅ ሰዓት ሦስት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ውሻ ደግሞ በቀን ቢያንስ በየስድስት ሰዓቱ ይውጣ የሚል ደንብ አለ። ስለዚህ ዝናብ፣ በረዶ፣ ጨለማ ሳንል እንወጣለን። አንጸባራቂ ሰደርያ ለእሱም ለእኛም እናጠልቃለን። ሾፌሮች ከሩቅ የሚያዩን በዚያ ነው።

ግን እህቴ፣ ውሻን የሚያደክመው ሩጫ ብቻ አይደለም። አፍንጫውን አሠሪው። አሮጌ ፎጣ ወለል ላይ ዘርጊ። የማታ ደረቅ ምግቡን በትኚበትና ጠቅልለሽ ስጪው። መጀመሪያ በጥርሱ ይጎትተዋል። አልሆን ሲለው ይቆማል፣ ያሸታል፤ ከዚያ በአፍንጫው ጫፍ እየገፋ ጥቅሉን መፍታት ይጀምራል። ትንፋሹ ሽ... ሽ... ሽ እያለ ይሰማሻል። ያን ስትሰሚ ሙሉ ሐሳቡ እዚያ ነው፣ መሶብም ነጠላም አያስታውስ። ሲለምደው ፎጣውን ቋጥሪው። ቀጥሎ ካርቶን ውስጥ ክተቺው። ቀጥሎ ካርቶኑን ልጆቹ ሌላ ክፍል ይደብቁት። ልጆቹ መደበቁን ከውሻው በላይ ይወዱታል። በሳህን ቢሰጠው በአንድ ደቂቃ የሚውጠው እራት ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከዚያ ሄዶ ይተኛል።

አሜሪካ ያላችሁ ሰዎች ክሬት (በር ያለው የውሻ ማደሪያ ሣጥን) ውስጥ አስገቡት ትላላችሁ። እዚህ ውሻን ቤት ውስጥ ኬጅ ዘግቶ ማስቀመጥ ክልክል ነው፣ እኔም አልወደውም። ለሕፃናት ደረጃ ላይ የሚገጠመውን ትንሽ በር ግዢ። እሱ ይበቃል።

ቀበና

ከአዲስ አበባ ሰላም ብያለሁ። ሁላችሁም ለውሻው ታስባላችሁ፤ እኔ ግን እናትየው አሳዘኑኝ። በሽምግልና ዕድሜያቸው፣ በሰው አገር፣ ነጠላቸውን ውሻ እያኘከባቸው "ልመዱት" ሊባሉ አይገባም። ልጄ ቤት ነኝ ብለው ችለው ዝም ሊሉ ይችላሉ። ዝምታቸውን እሺታ አታድርጊው።

የእኛ ውሻ ግቢ ውስጥ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራ ቤት አለው። ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርገን ገለባ አንጥፈንለታል። የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ እዚያው ከረመ። አሁን ደግሞ "በጥቅምት አንድ አጥንት" ነው። ከዶሮ ወጡ አጥንቱን ከነመረቁ ስትሰጡት ሆዱ ይሞላል፣ ተንኮሉንም ይተዋል። እኛ ቤት እንዲህ ነው።

ክሊኒክ — ዴንቨር

ወንድሜ ቀበና፣ ስለ እናትየው ያልከው ልክ ነው። የአጥንቱን ነገር ግን እባክህ ተው፣ ለራስህም ውሻ ስል ነው። የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ይሰነጠቃል፣ ጫፉ ይሾላል። ጉሮሮ ላይ ይቀራል ወይም አንጀት ይበሳል።

መረቁ ደግሞ ከአጥንቱ አይሻልም። የዶሮ ወጥ ቁሌት ምን ያህል ቀይ ሽንኩርት እንደሚገባበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ጥሬ ሆነ፣ የተቁላላ ሆነ፣ ዱቄት ሆነ ያው ነው። ክፋቱ ምልክቱ ወዲያው አይታይም። ቀናት ቆይቶ ይደክመዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ስለዚህ ፍትፍት፣ የሽሮ እንጥፍጣፊ፣ ድስት ማስላስ፣ ሁሉም ይቅር። እናንተም ቤት እህቴ፣ የወጡን ድስት ወደ ምድጃው ጀርባ ግፉት።

የእኛ ማጀት ሌላም አደጋ አለው። ቡና ተቆልቶም ጥሬውም፣ አተላውም ጭምር ለውሻ መርዝ ነው። ዘቢብም እንደዚያው። እርሾ የገባበት የዳቦ ሊጥ ከበላ ሆዱ ውስጥ መኩፋቱን ይቀጥላል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ከሊጡ የሚወጣው አልኮልም ያሰክረዋል። የአውዳመት ዳቦ ሲቦካ ዕቃው ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ልጆች ቤት ለቤት ዞረው ከረሜላ የሚሰበስቡበት ሃሎዊን እየመጣ ነው። ልጆቹ ይዘውት የሚገቡት ከረጢት ወለል ላይ አይደር። ቸኮሌት ይመርዛል፣ ጥቁሩ ይብሳል። ስኳር አልባ ማስቲካና ከረሜላ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ግን ከሁሉም ይፈጥናል፤ የደም ስኳሩን በአጭር ጊዜ ይጥለዋል። አንዳንድ የኦቾሎኒ ቅቤም ስላለበት ለውሻ ከመስጠታችሁ በፊት ማሸጊያውን አንብቡ።

ጋራዥ ውስጥ ያለውን አንቲፍሪዝም (የመኪና ሞተር ውሃ በብርድ እንዳይረጋ የሚጨመረውን ፈሳሽ) እዩ። ጣፋጭ ስለሆነ ይልሱታል። ትንሹም ኩላሊት ይገድላል፣ መዳን የሚቻለው በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ጋ ሲደርስ ነው። መኪናው ሥር ጠብታ ካያችሁ ዛሬውኑ አጽዱት። ብርድ ሲገባ አይጥም ቤት ስለሚገባ ሰዎች የአይጥ መርዝ ያስቀምጣሉ። ቡችላ ባለበት ቤት በወጥመድ ይሁን።

ምን እንደበላ ካያችሁ ጨው በጥብጣችሁ ወይም ወተት ግታችሁ አታስታውኩት። ማሸጊያውን ይዛችሁ ደውሉ። አሜሪካ ውስጥ ለእንስሳት መመረዝ 24 ሰዓት የሚሠሩ የስልክ መስመሮች አሉ፤ ይከፈልባቸዋል፣ ግን ዋጋ አላቸው። ቁጥሩን አሁኑኑ ፈልጋችሁ ፍሪጁ ላይ፣ ከሥራ ክፍፍሉ አጠገብ ለጥፉት።

ስለ ክሬት፣ ስቶክሆልም ያለሽው እህቴ፣ ትንሽ እለያለሁ። በቅጣት ካልሆነ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ምግቡን እየበላበት ከለመደው፣ ብዙ ውሻ ራሱ ገብቶ ይተኛበታል። ቀኑን ሙሉ ዘግቶ መሄድን ግን እኔም አልደግፍም።

የአሌክሳንድሪያው አዛውንት — ቨርጂኒያ

ልጄ፣ ስለ እናትሽ ልጨምር። እኛ ያደግንበት ዘመን ያበደ ውሻ ነከሰው የተባለ ልጅ አዲስ አበባ ፓስተር ድረስ ይወሰድ ነበር። መርፌው ሆድ ላይ ነበር የሚወጋው፣ ቀን በቀን እየተመላለሰ። ከሩቅ አውራጃ ሳይደርስ የቀረም አለ። ያንን ያየ ሰው ውሻ ሲጠጋው ወደኋላ ቢል አይፈረድበትም። ቡላ መከተቡን የሚያሳየውን ወረቀት አምጪና አንብቢላት። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ፍርሃቷን ማክበርሽን ታይበታለች።

"ውሻ ካለበት ቤት ጸሎት አያርግም" የሚሉም አሉና በዚህም እንዳትጨነቅ። መጽሐፈ ጦቢት ላይ ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሏቸው ይሄዳል። ሲመለሱም አብሯቸው ነው። መልአክ ያለበት ጉዞ ነው። ቢሆንም የእናትሽ መኝታ ቤትና የጸሎት ጥጓ ውሻ የማይደርስበት ይሁን። ነጠላዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሰቀል፣ በሩም ይዘጋ። ይህን አንቺ አትወስኝላት። "እማ፣ የት የት እንዳይገባ ትፈልጊያለሽ?" ብለሽ ጠይቂያት። የምትለውን ደግሞ ሳትከራከሪ ፈጽሚ።

ጎረቤት — ሚኒያፖሊስ

እህቴ፣ ከወንዙ ማዶ ነኝ። ስለ ጨው ለጠየቅሽው፦ በር ላይ ሰፋ ያለ ዕቃ ለብ ያለ ውሃና ፎጣ አስቀምጡ። ሲገባ አራቱንም መዳፍ ነክራችሁ አድርቁ። ጣቶቹ መሃል በደንብ እዩ፤ በረዶ እየጠጠረ ይቆይና ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። ካልታጠበ ራሱ ይልሰዋል፣ ጨዉ ሆዱን ያውከዋል። ለራሳችሁ ደጃፍ ለእንስሳት ጉዳቱ ያነሰ የሚባለውን ግዙ። እሱንም ቢሆን ጥረጉት እንጂ አያልሰው።

ጸጉሩ አጭር ከሆነ ከዜሮ በታች 7 ሲደርስ ኮት ያስፈልገዋል፣ ጉዞውም ይጠር። እግሩን እያነሳ ከቆመ፣ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ወደ ቤት። ጃንዋሪ 30 ቀን 2019ን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከዜሮ በታች 33 ገብቶ ፖስታ ቤቱ እንኳን ማደሉን ያቆመበት ቀን ነው። እንዲህ ባለው ቀን ለሽንቱ ብቻ፣ ጓሮ ውስጥ በአካፋ በተጠረገ ቦታ፣ ደቂቃ ሳይሞላ ይመለስ።

ሐይቁን የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ገና ሲረጋ ቡላ ወፍ አይቶ ይሮጥበታል፣ ልጅ ደግሞ ውሻውን ተከትሎ ይሮጣል። የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በእግር ለመሄድ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ይሁን ይላል። እስከዚያ ገመዱን አትልቀቁ፤ በረዶው ተሰብሮ ቡላ ውሃ ውስጥ ቢገባ እንኳን ማንም ተከትሎ አይግባ፣ ወደ አደጋ ጊዜው ስልክ 911 ይደወል።

በረዶው ካልወረደ መዥገርም አልሄደም። የአጋዘን መዥገር ብርዱ ሊገባ ሲል፣ አየሩ ትንሽ ሞቅ ባለ ቀን ሁሉ ይወጣል፣ ላይም የተባለውን በሽታ ያመጣል። መድኃኒቱን ብርድ ገባ ብላችሁ አታቋርጡ። ጆሮው ሥርና ብብቱ ውስጥ እየዳሰሳችሁ ፈልጉ።

የቡላ ቤት — ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ስኖው ወርዷል፣ ያለውን ልንገራችሁ።

ጋሼ እንዳሉኝ እናቴን ጠየቅኋት። አስባበት ነበር መሰለኝ ወዲያው ነው የመለሰችው። መኝታ ቤቴ፣ የጸሎቱ ጥግ፣ ቡና ሲፈላ ደግሞ ሳሎኑ፣ አለች። ባለቤቴ ሁለት ትንንሽ በሮች ገጠመ። ቡና ሲፈላ ቡላ ከበሩ ማዶ ፎጣውን ይፈታል፣ እኛም በሰላም እንጠጣለን። ክትባቱን አነበብኩላት። "ይሁን፣ መዳፉ ሳይታጠብ ግን ምንጣፉን እንዳይረግጥ" አለች። እሷ አሁንም አትነካውም፣ እኔም አልጠይቃትም። ልጆቹ ሊያልፉት ሲሉ ግን "መዳፉስ?" ብላ የምትመልሳቸው እሷ ናት።

ጠዋት ባለቤቴ ያወጣዋል፣ ከትምህርት ቤት መልስ ትልቁ ልጅ፣ ማታ እኔ። ልጄ ፎጣና ካርቶን ላይ ናት። ከሶፋው ሥር፣ ከልብስ ቅርጫቱ ጀርባ፣ ከአባቷ ቦት ጫማ ውስጥ ትደብቃለች። ቡላ እያሸተተ ቤቱን ሲዞር እሷ ከኋላው እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከተለዋለች። ጫማ ማኘኩን አልተወም፣ ነገር ግን ማታ ማታ ተኝቶ እናገኘዋለን። ይሄ ቤት ውስጥ ትልቅ ነገር ነው።

የነቢያት ጾም ሲገባ ደግሞ ከማዕድ ሥጋው ይጠፋል፣ ልጆቹም "ቡላም ይጾማል?" እያሉ ነው። የራሱን ምግብ ይበላል ብያቸዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ጫማው ነው። የገዛንለትን አራት ጫማ ስናጠልቅለት እንደቆመ ይደርቃል፣ ወይ በጥርሱ ያወልቀዋል። ምን ላድርግ?

ሰሜን — ስቶክሆልም

አራቱን በአንዴ አታጥልቂለት። ሁለቱን የፊት እግር ብቻ፣ ቤት ውስጥ፣ ልክ ምግቡ ሊቀርብ ሲል አድርጊለት። እየበላ ይረሳዋል። ሲጨርስ አውልቂ። የኋላዎቹን የምትጨምሪው በፊተኞቹ ሳይጨነቅ መራመድ ሲጀምር ነው። ማሰሪያውን ደግሞ እዪው፤ አንድ ጣት ካልገባ በጣም ጠብቋል፣ ደም ይከለክለዋል፣ እግሩም ይበልጥ ይበርደዋል።

ቀበና

ዴንቨር ያለኸው ወንድሜ፣ የሽንኩርቱን ነገር ለቤተሰቡ ነግሬ አጥንትና መረቁን አቁመናል። ውሻው ግን ለምዶታልና ማዕድ ሲነሳ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ምን ልስጠው?

ክሊኒክ — ዴንቨር

ወፍራም ካሮት ልጣጩን ፍቀህ፣ ጥሬውን፣ ሙሉውን። ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቅዞ ቢያድር ይበልጥ ያኝከዋል። መጀመሪያ ቀን አጠገቡ ቆመህ እይ፤ ሳያኝክ የሚውጥ ዓይነት ከሆነ በቁመቱ ሰንጥቀህ ስጠው። ሥጋ ስትቀቅሉ ደግሞ ቅመምና ሽንኩርት ሳይገባበት፣ ጨውም ሳይነካው ትንሽ ቀይ ሥጋ አስቀሩለት።